ይህ ደጃፍ የማን ነው? የክረምት የአበባ መትከያ ያልተነገረ ታሪክ

ዛሬ ከሰሞኑ ወሬ ትንሽ ወጣ ብለን ስለ አበባ መትከያ እናወራለን። «አገር በዚህ ሁሉ ጉዳይ ተወጥሮ አንተ ስለ አበባ ታወራለህ?» የምትሉኝ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡና ከዚያ ፍረዱኝ።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ፎቶ ነው። ባለፈው ኅዳር አሜሪካ፣ ሚኒሶታ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ የቤቷን በረንዳ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። ከበሩ ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ የአበባ መትከያዎች ቆመዋል። ሐምሌ ላይ በላከችው ፎቶ አበባ ሞልቶባቸው ነበር። አሁን ግን አበባው የለም። በምትኩ የጥድ ጫፎች፣ ቀጫጭን ቀይ እንጨቶች፣ ቀይ ፍሬ ያንጠለጠለ ቅርንጫፍና ቅርፊቱ ነጭ የሆነ የግንድ ቁራጭ ተሰድረውበታል። ላያቸው ላይ ስስ በረዶ አርፏል።

ፎቶውን ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው። «ያምራል» አለች። ከዚያ ትንሽ ዝም ብላ «ግን ይሄ ነገር ሥር አለው?» ስትል ጠየቀችኝ።

ደውዬ የአክስቴን ልጅ ጠየቅኳት። ሳቀች። «የለውም፤ ሁሉም ተቆርጦ የተሰካ ነው። አፈሩ ድንጋይ እስኪመስል ስለሚቀዘቅዝ ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። እስከ መጋቢት እንዲሁ ይቆማል። እዚህ ሰፈር ሁሉም ያደርገዋል። ባዶ መትከያ ደጅ ላይ መተው እንደ ነውር ነው የሚታየው» አለችኝ።

«ነውር» የሚለው ቃል አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። የሞተ ቅርንጫፍ በበረዶ ውስጥ መሰካት የሰፈር ግዴታ የሚሆነው ለምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ይዤ ታሪክ ማገላበጥ ጀመርኩ። ያገኘሁት ነገር ስለ ጌጥ ብቻ አልነበረም። ንጉሥ፣ ፓርላማ፣ ግብር፣ ረብሻና የደን ስርቆት ጭምር ነበረበት።

*

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። «ክረምት» ስንል እኛና እነሱ የምናወራው ስለ ተለያየ ነገር ነው። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ ምድር የምትለመልምበት ጊዜ ነው። የእነሱ ክረምት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት የሚዘልቅ፣ ቅጠል የሚረግፍበትና መሬት የሚደነድንበት ወቅት ነው። የእኛ ክረምት መትከያን በውሃ ያሰጥማል፤ የእነሱ ክረምት መትከያን ይሰነጥቃል።

መሰንጠቁ ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ያድጋል። ሸክላ ደግሞ ውሃ ይመጣል። ሸክላው ውስጥ የገባው ውሃ፣ እንዲሁም እርጥብ የሆነው አፈር ሲቀዘቅዝ ይገፋል፤ ሸክላው ይላጣል ወይም ለሁለት ይከፈላል። ተክሉም ቢሆን ዕድሉ ጠባብ ነው። መሬት ላይ የተተከለ ተክል ሥሩን ጥልቅ አፈር ያለብሰዋል። መትከያ ውስጥ ያለው ግን ውርጩ ከላይም ከጎንም ይደርስበታል። በዚህ ምክንያት የዚያ አገር አትክልተኞች በመትከያ ውስጥ ለሚያከርሙት ተክል አንድ ልማድ አላቸው፦ ለአካባቢያቸው ከሚመከረው ይልቅ ብርድ የመቋቋም አቅሙ በሁለት ደረጃ የላቀውን ይመርጣሉ። ቅጠሉ የማይረግፍ ተክል ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ፀሐይና ነፋስ ከቅጠሉ ውሃ ይወስዱበታል፤ ሥሩ ግን ከቀዘቀዘ አፈር ውሃ መሳብ አይችልም። በበረዶ መካከል ቆሞ በውሃ ጥም ይሞታል።

እንግዲህ የሰሜኑ ሰው ምርጫ ይህን ያህል ጠባብ ነው፦ ወይ ተክሉን ወደ ቤት ታስገባለህ፣ ወይ መትከያውን ባዶ ትተዋለህ፣ ወይ የተቆረጠ አረንጓዴ ሰክተህ ያለ ታስመስላለህ። ታሪኩ ሁሉ በእነዚህ ሦስት ምርጫዎች ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

*

በብርድ ወቅት ደጃፍ ላይ አረንጓዴ ማድረግ በጣም የቆየ ልማድ ነው። የሮም ሰዎች የጥር ወር መግቢያ ላይ አዲሱን ዓመት ሲቀበሉ በራቸውን በሎረል ቅጠልና በመብራት ያስጌጡ ነበር። እ.ኤ.አ በ200 አካባቢ በሰሜን አፍሪካዋ ካርቴጅ ይኖር የነበረው ክርስቲያን ጸሐፊ ተርቱሊያን ይህን አይቶ ተቆጣ። የተቆጣው በአረማውያን ላይ አልነበረም፤ በራሱ ሰዎች ላይ ነበር። ስለ ጣዖት አምልኮ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ አሁንማ ሎረልና መብራት የሌለበት በር የአረማውያን ሆኖ የክርስቲያኖቹ ደጃፍ በጌጥ ተሞልቷል ብሎ ይወቅሳቸዋል።

ልብ በሉ፤ ክርክሩ ስለ ቅጠል አይደለም። ክርክሩ ደጃፍህ የማንን በዓል ያውጃል የሚል ነው። ቤትህ ውስጥ የምታደርገውን ማንም አያይም። በርህ ላይ የምታቆመው ግን ለመንገደኛው ሁሉ የሚናገር ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ለንደን እንሂድ። ጆን ስቶው የሚባል የለንደን ታሪክ ጸሐፊ እ.ኤ.አ በ1598 ባሳተመው መጽሐፍ፣ በገና ሰሞን የየሰው ቤትና የየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ወቅቱ በሰጠው አረንጓዴ ሁሉ ይሸፈን እንደነበር መዝግቧል። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው፦ ሆሊ የሚባለው ቅጠሉ እሾሃም፣ ፍሬው ቀይ የሆነ ዛፍና አይቪ የሚባለው ግድግዳ ላይ የሚወጣ ሐረግ። እዚያው መጽሐፍ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። እ.ኤ.አ በ1444 ኮርንሂል በሚባለው የለንደን ጎዳና መካከል ለሕዝቡ የገና ጨዋታ ተብሎ አንድ ግንድ መሬት ተቆፍሮ ቆሞ ነበር። ግንዱ ዙሪያውን ሆሊና አይቪ ተቸንክሮበታል። በየካቲት መጀመሪያ የመጣ ኃይለኛ ማዕበል ነቅሎ ጣለው። እንግዲህ የአክስቴ ልጅ በረንዳ ላይ ያየሁት ነገር ዘር ማንዘሩ ይህ ነው፦ ሥር የሌለው እንጨት፣ በተቆረጠ አረንጓዴ ለብሶ፣ በብርድ ወር ሕዝብ ፊት የቆመ።

ኮርንሂልን አትርሱት፤ ከ200 ዓመት በኋላ እንመለስበታለን።

*

እ.ኤ.አ በ1640ዎቹ እንግሊዝ በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበረች። ንጉሡን ያሸነፈው የፓርላማ ወገን ውስጥ ፒዩሪታን የሚባሉት ጠንካራ ፕሮቴስታንቶች ከፍተኛ ድምፅ ነበራቸው። ለእነሱ ገና በመጽሐፍ ቅዱስ ያልታዘዘ፣ ለስካርና ለጭፈራ ሰበብ የሆነ በዓል ነው። በሰኔ 1647 ፓርላማው ገናን፣ ፋሲካንና ሌሎችንም በዓላት በአዋጅ ሻረ።

ታኅሣሥ ሲመጣ ግን ሕዝቡ አዋጁን አላከበረም። ያመፀውም በጠመንጃ አልነበረም፤ በቅጠል ነበር። የገና ዕለት የለንደን ወጣት የሙያ ተለማማጆች ኮርንሂል ላይ ተሰብስበው የሕዝብ የውሃ ቦኖውን በሆሊ፣ በአይቪ፣ በሎረልና እኛ የጥብስ ቅጠል በምንለው ተክል አስጌጡት። የከተማው ከንቲባ ጌጡን ለማስወረድ ሰዎቹን ይዞ መጣ፤ ግርግር ተነሳ። አስቡት፤ ያ ሁሉ ጸብ ስለ ጥብስ ቅጠል!

ካንተርበሪ በምትባለው ከተማ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ከፋ። ከንቲባው ገበያው በገና ዕለት ክፍት ይሁን ብሎ አዘዘ። የተቆጣው ሕዝብ የከፈቱትን ሱቆች አጠቃ፤ በየበሩም የሆሊ ቅርንጫፍ ተሰቀለ። በሚቀጥለው ዓመት ረብሸኞቹ ለፍርድ ሲቀርቡ የአካባቢው ሸንጎ ክስ ለመመሥረት እምቢ አለ። ከዚያ የተነሳው የኬንት አውራጃ ቁጣ እያደገ ሄዶ እ.ኤ.አ በ1648 ሁለተኛው የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ገባ። ንጉሡ ቻርልስ ቀዳማዊ በጥር 1649 አንገቱ ተቀላ።

ጦርነቱን ያመጣው ሆሊ ነው እያልኩ አይደለም። ግብር አለ፣ ሃይማኖት አለ፣ የሥልጣን ጥያቄ አለ። ነገር ግን ተራው ሰው «ደጃፌ የእኔ ነው» ማለት ሲፈልግ እጁ ላይ ያገኘው መሣሪያ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ነበር። መንግሥትም ያንን ቅርንጫፍ ለማውረድ ሰው ላከ። ሁለቱም ወገኖች ቅርንጫፉ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ያውቁ ነበር።

ፒዩሪታኖች አሜሪካም ውስጥ ተመሳሳይ ነገር አድርገዋል። የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት እ.ኤ.አ ከ1659 እስከ 1681 ገናን ያከበረ ሰው 5 ሽልንግ እንዲቀጣ የሚያዝ ሕግ ነበራት። ዛሬ በዚያው ክፍለ ሀገር በታኅሣሥ ወር ያላጌጠ ደጃፍ ማግኘት ይከብዳል። ታሪክ እንዲህ ይገለበጣል።

*

የእንግሊዝ ተራ ሰው በቅርንጫፍ ሲከራከር፣ የፈረንሳይ ንጉሥ ሌላ መንገድ መረጠ፦ ክረምትን ራሱን ማሸነፍ።

ሉዊ 14ኛ የብርቱካን ዛፍ ይወድ ነበር። ብርቱካን የሞቃት አገር ተክል ነው፤ በፓሪስ ውርጭ ደጅ ቢያድር ይሞታል። እንግዲያው በመትከያ ውስጥ ይኖራል። ከቬርሳይ ስሙን የወሰደው አራት ማዕዘን የእንጨት ሳጥን እስከ ዛሬ ይሠራል። ጎኖቹ የሚከፈቱ በመሆናቸው አትክልተኛው ዛፉን ሳይነቅል ሥሩን መከርከምና አፈር መቀየር ይችላል። በግንቦት ዛፎቹ ወደ ደጅ ይወጣሉ፤ በጥቅምት ወደ ውስጥ ይገባሉ። ማረፊያቸው እ.ኤ.አ ከ1684 እስከ 1686 ዡል አርዱዋን ማንሳር ያሠራው ከ150 ሜትር በላይ የሚረዝም አዳራሽ ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቶቹ ወደ ደቡብ ፀሐይ የዞሩ ናቸው። ዛሬም በየዓመቱ ከ1,000 በላይ የመትከያ ዛፎች እዚያ ይከርማሉ።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ከፊሉ የመጣው ከሌላ ሰው ደጃፍ ነው። ኒኮላ ፉኬ የንጉሡ የገንዘብ ሹም ነበር። ቮ ለ ቪኮንት በሚባለው ቦታ የሠራው ቤተ መንግሥትና የአትክልት ሥፍራ ንጉሡን አስቀናው። እ.ኤ.አ በ1661 ፉኬ ታሰረ፤ ዕድሜውን በእስር ጨረሰ። የብርቱካን ዛፎቹ ግን ወደ ንጉሡ ዘንድ ሄዱ። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይሄ ነው። መትከያ ውስጥ ያለ ዛፍ ጥቅሙ መንቀሳቀሱ ነው፤ ጉዳቱም ያው መንቀሳቀሱ ነው። ጉልበት ያለው መጥቶ ይወስደዋል።

ንጉሡም ቢሆን አልቀናውም። በቬርሳይ ታዋቂው የመስታወት አዳራሽ ውስጥ የብርቱካን ዛፎች የሚቆሙባቸው ከብር የተሠሩ መትከያዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ በ1689 ጦርነቱ ካዝናውን ሲያራቁተው ንጉሡ የብር ዕቃውን ሁሉ አቅልጡት አለ። መትከያዎቹም ቀልጠው ገንዘብ ሆኑ፤ የወታደር ደሞዝ ሆኑ። የአበባ መትከያ ለጦርነት ሲዘምት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

*

የክረምት መትከያ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ተራው ሰው መስኮት ላይ የደረሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለንደን ውስጥ ነው። መንገዱን የከፈቱት አበባ ወዳዶች ብቻ አልነበሩም፤ የገንዘብ ሚኒስትሮችም ነበሩ። እንግሊዝ ከ1696 ጀምሮ የመስኮት ግብር፣ ከ1746 ጀምሮ ደግሞ የመስታወት ግብር ነበራት። ሰው ግብሩን ሽሽት መስኮቱን በጡብ ይደፍን ነበር። የመስታወቱ ግብር በ1845፣ የመስኮቱ ግብር በ1851 ሲነሱ ብርሃን ረከሰ። መስኮት በዛ፤ የመስኮት ሥር የአበባ ሣጥንም አብሮ በዛ።

ነገር ግን ለንደን የድንጋይ ከሰል ከተማ ናት። ጥቀርሻው ቅጠሉን ይሸፍነዋል፤ በክረምት ደግሞ ይብሳል። ያን ጭስ ችሎ አረንጓዴ ሆኖ የሚከርም ተክል ያስፈልግ ነበር። መልሱ ከጃፓን መጣ። አውኩባ የሚባል፣ ሰፊ ቅጠሉ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት ተክል እ.ኤ.አ በ1783 እንግሊዝ ገብቶ ነበር። ጭሱን ቻለው። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረበት፦ የገባው ሴቴው ብቻ ስለነበር ፍሬ አያፈራም። ወደ 80 ዓመት ገደማ እንግሊዞች ፍሬ የሌለውን አውኩባ ሲንከባከቡ ኖሩ። በ1861 ሮበርት ፎርቹን የሚባል ተክል ሰብሳቢ ወንዴውን ከጃፓን ላከ። ከዚያ በኋላ የለንደን መስኮት በጥር ወር አረንጓዴ ቅጠልና ቀይ ፍሬ አንድ ላይ ማየት ቻለ።

ተክሎች ያን ሁሉ ባሕር በሕይወት የሚያቋርጡት እንዴት ነው? ናትናኤል ዋርድ የሚባል የለንደን ሐኪም እ.ኤ.አ በ1829 በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ያለ አፈር ሳይጠጣ ተክል እንደሚያሳድግ አስተዋለ። ተክሉ የሚያወጣው እርጥበት መስታወቱ ላይ ይጤዝና ተመልሶ ይንጠባጠባል። በዚህ መላ የተሠራውን የመስታወት ሣጥን በ1833 ተክል ሞልቶ ወደ አውስትራሊያ ላከው፤ ተክሎቹ በሕይወት ደረሱ። ከዚያ ወዲያ የዋርድ ሣጥን የቅኝ ግዛት ዋና መሣሪያ ሆነ። የቻይና ሻይ ወደ ህንድ የተሻገረው በዚሁ ሣጥን ነው፤ ያሻገረውም ያው ሮበርት ፎርቹን ነበር። አንዱ ሰው በአንድ እጁ የመስኮት ጌጥ፣ በሌላው እጁ የአንድ አገር ኢኮኖሚ ይዞ ሲሄድ አያችሁ?

በዚህ መሐል ድሃውስ? እ.ኤ.አ በ1864 ሳሙኤል ሀደን ፓርክስ የሚባል የለንደን ቄስ በብሉምስበሪ ሰፈር ለድሆች ስላዘጋጀው የመስኮት አበባ ውድድር መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉ ርዕስ ስለ ሕዝብ የመስኮት አትክልት ይጀምርና ወዲያው «ንጹሕና የተስተካከሉ ክፍሎች» ወደሚል ይሻገራል። ሐሳቡ ደግ ነበር። በጠባብ ክፍል ታጭቆ ለሚኖር ሠራተኛ አንዲት አበባ ብዙ ናት። ግን ርዕሱ ሌላም ነገር ይነግረናል። አበባህን ሊያይ የመጣው ዳኛ ክፍልህንም ያያል። መስኮትህ ላይ ያለው አረንጓዴ የጠባይህ ማስረጃ ሆነ። የአክስቴ ልጅ «ነውር» ያለችው ነገር ሥሩ እዚህ ጋር ያለ ይመስለኛል። ጌጡ መብት ሆኖ ጀመረና ቀስ እያለ ፈተና ሆነ።

*

አሁን ወደ ሚኒሶታ እንመለስ።

የአክስቴ ልጅ ያ ቤት ውስጥ በገባች በመጀመሪያው ዓመት መትከያዎቿን ባዶ ትታቸው ነበር። ከሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ጨዋ ደብዳቤ ደረሳት፤ የቤቱ ፊት ለፊት በየወቅቱ «ተስማሚ ሆኖ» እንዲጠበቅ የሚያሳስብ። በሚቀጥለው ዓመት ጌጡን እስከ ሚያዝያ ስላቆየችው ሌላ ደብዳቤ መጣ። አሁን ቀኑን በስልኳ ሞልታ ይዛለች። «ከንቲባው ፈረስ ላይ ተቀምጦ አይመጣም እንጂ ነገሩ ያው ነው» አልኳት። የ1647ቱን ታሪክ ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ግን ያልሳቀችበት ነገርም ነበር። እነዚያ የጥድ ጫፎች ከየት እንደሚመጡ ስነግራት ዝም አለች።

መትከያ ላይ ቀጥ ብለው የሚቆሙት ጫፎች ብዙዎቹ ጥቁር ስፕሩስ ከሚባል የጥድ ወገን የሚቆረጡ ናቸው። ይህ ዛፍ በሰሜን ሚኒሶታ ረግረጎች ውስጥ ይበቅላል። ረግረጉ ምግብ የለሽ ስለሆነ ዛፉ እጅግ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ ከሰው ቁመት ያልበለጠው ዛፍ የብዙ አሥርት ዓመታት ዕድሜ ሊኖረው ይችላል። በሕጋዊ መንገድ ፈቃድ አውጥተው የሚቆርጡና በዚህ የሚተዳደሩ ሰዎች አሉ። የክፍለ ሀገሩ ሕግም ከተወሰነ መጠን በላይ ለጌጥ የሚሆን ቅርንጫፍ ለመቁረጥም ሆነ ለማጓጓዝ ከመሬቱ ባለቤት የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። ይሁንና የበረንዳ ጌጥ ገበያ ሲሞቅ ስርቆቱም ሞቀ። በመከር ወራት ሌቦች ከሕዝብ ደን ገብተው ጫፍ ጫፉን ቆርጠው በመኪና ይጭናሉ። የክፍለ ሀገሩ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ስለዚህ ሕዝቡን ሲያስጠነቅቅ ቆይቷል።

ይህን ስሰማ ፉኬ ትዝ አለኝ። የንጉሡ ብርቱካን ከሌላ ሰው ደጃፍ መጣ፤ የለንደን አውኩባ ከጃፓን መጣ፤ የሚኒሶታ በረንዳ ጫፍ ከረግረጉ መጣ። በክፉ ወቅት ደጃፍ ላይ የሚቆም አረንጓዴ ሁሉ ከሌላ ቦታ የተወሰደ ነው። ስለዚህ ከ«ይህ ደጃፍ የማን ነው?» ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ይህ አረንጓዴ የማን ነበር?» የሚል ነው።

*

ይህን ስጽፍ እኛን ከደሙ ንጹሕ ላደርገን አልፈልግም።

ልጅ ሆኜ ለገና አባቴ የጥድ ጫፍ ይዞ ይመጣ ነበር። የኒዶ ጣሳ ውስጥ አፈር ሞልተን፣ ጠጠር ደግፈን እናቆመዋለን። ጥጥ እንደ በረዶ እንበትንበታለን። በረዶ አይቶ የማያውቅ ልጅ፣ በበጋ ፀሐይ፣ በተቆረጠ ጥድ ላይ ጥጥ ይበትናል! ያ ጥድ ከየት እንደተቆረጠ ጠይቄ አላውቅም። አሁን ሳስበው ከሚኒሶታው በረንዳ በምንም አይለይም፤ ጣሳ፣ አፈር፣ ሥር የሌለው ጫፍ።

እናቴ ግን የራሷ ጣሳዎች ነበሯት። በቀበሌው ቤት ደጃፍ ላይ የተደረደሩ የዘይትና የወተት ጣሳዎች፤ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጌራንየም። ክረምት ከመግባቱ በፊት ሁሌም አንድ ሥራ ነበራት፦ ሚስማር አግላ የጣሳዎቹን ቂጥ መብሳት። «ውሃው መውጫ ካጣ ሥሩ ይበሰብሳል» ትላለች። የእኛን ክረምት በሚስማር ነበር የምታሸንፈው።

ሰፈራችን ለልማት ሲነሳ ቤቱ ቀረ፤ ጣሳዎቹ ግን አብረውን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወጡ። መትከያ የሚንቀሳቀስ መሆኑ ያኔ ጠቀመን። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የሕንፃው ኮሚቴ መጣ። የዛገ ጣሳ በረንዳ ላይ መደርደር የሕንፃውን ገጽታ ያበላሻል፤ ወይ አንድ ዓይነት መትከያ ይሁን ወይ ይነሳ ተባለ። አንድ ዓይነት መትከያ ደግሞ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። እናቴ አልተከራከረችም። ከሰፈር ቀለም ቀቢ የተረፈ አረንጓዴ ቀለም ለመነችና አሥራ አንዱንም ጣሳ ቀባቻቸው። ኮሚቴው ተመልሶ መጣ፣ አየ፣ ምንም ሳይል ሄደ።

አሁን ከተማችን መልኳን እየቀየረች ነው። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ የኮሪደር ልማት በደረሰባቸው መንገዶች ዳር አበባና ዛፍ በብዛት ተተክሏል። ማማሩን አልክድም፤ ማታ ማታ እኔም እሄድበታለሁ። ታሪኩን ካነበብኩ ወዲህ ግን በዚያ ሳልፍ የሚመጡብኝ ጥያቄዎች አሉ። እዚህ ጋር ጣሳ ይደረድር የነበረው ሰው አሁን የት ነው የሚደረድረው? በረንዳ አለው? በበጋው፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የእሱን ተክል ማን ያጠጣለታል? የመንገዱ አበባ ውሃ ሲያገኝ የሰውየው ጣሳ ከደረቀ፣ አረንጓዴው ከመንገዱ እንጂ ከከተማው ጋር አልታረቀም ማለት ነው።

መንግሥት አበባ አይትከል እያልኩ አይደለም። የእኔ ነጥብ አጭር ናት። የአንድን ከተማ ጤንነት የምታውቀው አደባባዩ ላይ በተተከለው ሳይሆን፣ ሰው በገዛ ደጃፉ የፈለገውን ጣሳ አስቀምጦ ሲያድር ነው። የኮርንሂል ወጣቶች ያንን ነበር የጠየቁት። የብሉምስበሪ ድሆች ያንን ከክፍል ምርመራ ጋር ነበር ያገኙት። እናቴ ያንን በአንድ ቆርቆሮ ቀለም ገዛችው።

*

ብርድ አገር ላላችሁ ቤተሰቦች ከዚህ ሁሉ ንባብ የተረፈችኝን ጠቃሚ ነገር ልንገራችሁ። ሸክላ መትከያ ካላችሁ ውርጩ ሳይገባ አፈሩን ገልብጣችሁ ደረቅ ቦታ አስገቡት። ደጅ የሚከርመው የእንጨት ወይም ወፍራም የፕላስቲክ ይሁን፤ ውሃ መውጫው እንዳይዘጋ ከመሬት ከፍ አድርጉት። ቅርንጫፍ የምትሰኩ ከሆነ አፈሩ ከመደንደኑ በፊት ስኩና ውሃ አጠጡት፤ በረዶው ራሱ ያስርላችኋል። ሥር ያለው ተክል ከሆነ ደግሞ ከውርጩ በፊት በደንብ አጠጡት። የጥድ ጫፍ ስትገዙም ሻጩን ከየት እንደመጣ ጠይቁት። ጥያቄው ብቻውን ሌባን ያሳፍራል።

የአክስቴ ልጅ ዘንድሮ ምን እንዳደረገች ትናንት ፎቶ ላከችልኝ። በአንደኛው መትከያ እንደ ወትሮው ቅርንጫፍ ሰክታለች፤ የገዛ ግቢዋን ቁጥቋጦ ስትከረክም የተረፈ ነው። በሌላው ግን ከጉልበት የማያልፍ፣ ሥር ያለው ድንክ ስፕሩስ ተክላለች። ይክረም አይክረም መጋቢት ላይ ነው የሚታወቀው።

ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ ሁለቱን መትከያዎች እያፈራረቀች አየች። ከዚያ ስልኩን መለሰችልኝና እንዲህ አለች፦ «ቂጡን በስታዋለች ወይ በልና ጠይቃት።»

የእናንተስ ደጃፍ ላይ ምን ቆሟል? ከየትስ መጣ? አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልኝ፤ አነበዋለሁ።